አንድ ጉርሻ ክኒን

የሐመልማል ልጅ ትሕትና ገና የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ግን ከአዋቂ በላይ ጠንቅቃ ታውቃለች። እናቷ ስትተኛ ዝም ማለት። በእግሯ ጣት እየተራመደች በሩን ገርበብ ታደርግና አሻንጉሊቷን ታቅፋ ከአልጋው ግርጌ ትቀመጣለች። ጎረቤታቸው ሳህሊቱ ለወንፊት ወይ ለሙቀጫ ብላ ብቅ ካለች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እማዬ ተኝታለች» ትላታለች በሹክሹክታ። ሳህሊቱም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለች ለሰፈሩ ታወራለች። የምን ጨዋነት! በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ መንጫጫት፣ መስበር፣ የሰው ጆሮ መብላት ነው ያለባት። ሐመልማል ይህን አጥታው አይደለም፤ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ክፍሏ ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ካየች ምን ሆኖ ነው ብላ ቤቱ ድረስ የምትሄድ ሰው ናት። የራሷን ልጅ ዝምታ ግን የምትሰማው በእንቅልፍ ልቧ ነበር።

እንቅልፉም እንቅልፍ አይባልም። ስትነሳ የምታገኘው ስትተኛ ያስቀመጠችውን ድካም ነው። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተጠቀለለ ይወጣል። የእግሯ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ ትንሽ ዳገት ስትወጣ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ ይደርሳል። የሶዶ ፀሐይ ሰውን በሸሚዝ ሲያስሄድ እሷ በሹራቡ ላይ ጋቢ ትደርባለች። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ «ለ»ን ጽፋ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ጠፋባት። ልጆቹ የምትጫወት መስሏቸው ሳቁ። አብራቸው ሳቀችና ደወል ሲደወል መጸዳጃ ቤት ገብታ እስኪበቃት አለቀሰች።

በሽታው ስም አላጣም። ካቻምና አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ አበጥ ሲልባት ሄዳ ተመርምራለች። የሰውነቷ መከላከያ የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ የታይሮይዱን ዕጢ እየተዋጋው ነው አሏት። ሳህሊቱ ይህን ስትሰማ «አዮዲን ያለው ጨው አብዢበት» አለቻት፤ እሷ የማታውቀው መድኃኒት የለም። ሐኪሞቹ ግን ዕጢው ማመንጨት ያቃተውን የሚተካ ክኒን ሰጧት፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ቆይቶ ደግሞ ደም ማነስ አለብሽ ተብሎ አይረን ታዘዘላት፤ ለአጥንቷም ካልሲየም ተጨመረ። ዳነች? አልዳነችም። በተመረመረች ቁጥር የታይሮይዷ ውጤት የባሰ ስለሆነ የክኒኑን መጠን ጨመሩላት፤ ደግመውም ጨመሩላት። እንዴት ነው የምትውጪው ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ እሷም ተጠይቃ ካልሆነ የማታወራ ሴት ናት።

የማታወራው ነገርም ነበራት። ከትሕትና በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። ሁለተኛው የወረደ ጊዜ፣ አያቷ ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚህ ከቀሩ ጀምሮ ዘመዶቿ ሁሉ ከሚሳለሟት ከማርያም ደጅ ተንበርክካ ተሳለች። «ልጅ ከሰጠሽኝ፣ እስክሞት ድረስ አንድ ጾም አላስቀርም። ጽጌንም እጨምራለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ» አለች። ትሕትና ተወለደች። ሐመልማልም ቃሏን ጠበቀች። ለባሏ ለወንደሰን አልነገረችውም፣ ለንስሐ አባቷም አልተናገረች። ብናገር ስለቱ ይረክሳል፣ ብጥሰው ደግሞ ልጄን መልሳ ትወስድብኛለች ብላ ፈራች። ፍርሃቱ ከልጅቷ ጋር አብሮ አደገ።

እንግዲህ ክኒንም አፍ የሚገባ ነገር ነው። በጾም ቀን ጠዋት ክኒን በውኃ መዋጥ ለሐመልማል ጾም መግደፍ ነበር። ጠበል ሳይቀመስ ሌላ ነገር በጉሮሮ አይወርድም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወጥታ ልጇን ለሳህሊቱ ትታ ቅዳሴ ገብታ፣ የቅዳሴ ጠበል ጠጥታ ስታበቃ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ የታይሮይዱን፣ አይረኑን፣ ካልሲየሙን ሁሉ መዳፏ ላይ ዘርግፋ በአንድ ጉርሻ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ትውጣቸዋለች። ተገላገልኩ! ፍስክ ሲሆንም ልማዱን አልተወችም፤ ከምሳ ጋር ሁሉንም አንድ ላይ ነው። አንድም ቀን አልዘለለችም። በዚህም እኮራለሁ ትል ነበር፣ ምስኪን።

የወንደሰን እናት እማማ አዛለች ከቦዲቲ በመጡ ቁጥር ቅቤና እንቁላል ይዘው ነው። ቦዲቲ ገበያ ላይ ከብት ሲሸጥ ሲለወጥ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሥጋ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ሲያዩ ዐይናቸው አያምንም። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ይሏታል፤ ማንም ቅር አይለውም።

«አንተ ልጄ፣ ቆጮ በዳታ በርበሬ ብቻ ሰው ያቆማል?» ይሏታል። «ጾም እኔም እጾማለሁ። ሰው ሲታመም ግን አምላክ ያያል እኮ።»

«ይቅርብኝ፣ እማማ። እርስዎ ያመጡትን ለልጅቷ እሠራላታለሁ።»

«ልጁስ ይበላል። አንተስ?»

ሐመልማል ፈገግ ትልና እንቁላሉን ለትሕትና ትጠብሳለች። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

ነገሩ የፈነዳው በዐቢይ ጾም፣ ረቡዕ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ ተማሪዎቿ ወጡ። ልጇ ከምትማርበት አጸደ ሕፃናት እስከ እሷ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ሄዳ የምታሻግራት እሷ ናት። ሐመልማል ደብተር ልሰብስብ ብላ መምህራን ክፍል ገብታ ወንበር ላይ አረፍ አለች። አረፍ ማለቷን እንጂ ሌላ አታስታውስም።

ያነቃት ከበር የመጣ ጩኸት ነው። ስትወጣ አንዲት አቮካዶ ሻጭ ትሕትናን አቅፋ ቆማለች። የልጅቷ ጉልበት ተልጦ ደም እየወረደው ነው፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ከኋላ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጭንቅላቱን ይዞ «በማርያም! ከፊቴ ዘው አለች እኮ! ፍሬኑ ባይይዝልኝ!» እያለ ይንቀጠቀጣል። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር በጎኑ ተጋድሟል።

ሐመልማል ልጇን ተቀብላ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ትሕትና ግን አላለቀሰችም። እናቷን ስታይ በዚያችው በሹክሹክታዋ፦

«ተኝተሽ ነው ብዬ ነው» አለቻት። «እንዳልቀሰቅስሽ ቀስ ብዬ ብቻዬን መጣሁ።»

ከዚያ ቀን በፊት ሐመልማል ታመምኩ ስትል ስለራሷ ነበር የምታዝነው። ያን ቀን ልጇን ታቅፋ አፈሩ ላይ እንደተቀመጠች ግን በልጇ ላይ የመጣውን አየች፤ አየችና ልቧ ደረቀ።

ወንደሰን የገጠር መሬት ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ዲምቱ ዙሪያ መሬት ሲለካ ይሰነብትና ቅዳሜ ይመጣል። ያን ቀን ግን ስልክ እንደሰማ በሞተር ሳይክል በርሮ መጣ። የልጁን ጉልበት አገላብጦ አየ። እጁን ታጠበ፤ እራቱንም ሳይነካ ተነሳ።

«እሁድ እናቴ መጥታ ትወስዳታለች» አለ።

«የት?»

«ቦዲቲ ነዋ! አንቺ እስኪሻልሽ።»

«ወንዴ፣ እባክህ። ሳህሊቱ ታመጣታለች። ባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን። እስከ ፋሲካ ብቻ ታገሰኝ…»

«እስከ ፋሲካ ልጄ በሕይወት ትኑር አትኑር በምን አውቃለሁ?» ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ዝቅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው። «ሐመል፣ እኔ እዚያ ሜዳ ላይ ሆኜ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ሰው ነኝ እኮ።»

ትሕትና ከጥግ ሆና ታዳምጣለች። ድምፅ እንዳይሰማ አሻንጉሊቷን በጨርቅ ትጠቀልላለች።

ሐሙስን ሐመልማል እንዴት እንዳሳለፈችው አይጠየቅም። ዓርብ ጠዋት አስፈቅዳ አዲስ መጣ የተባለ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሰው መዳን ፈልጎ ይሄዳል፤ እሷ ግን እስከ እሁድ መዳን ነበር የፈለገችው።

ዶክተር ትንሳኤ ፊቱ የልጅ፣ ድምፁ የሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ደሟን አስመረመረ፤ ውጤቱን ከድሮው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህን ያህል መጠን ለሚወስድ ሰው ይህ ውጤት ግራ ነው። በእርግጥ ትወስጂዋለሽ?»

«አንድም ቀን አላስቀረሁም!» ተቆጣች። በሕይወቷ አላስቀረሁም የምትለው ነገር ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ነበር የተሰቀለው።

«አምኜሻለሁ። እንዴት እንደምትወስጂው እስቲ አሳዪኝ።»

እንግዳ ጥያቄ ነው ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። የመድኃኒቶቹን ብልቃጦች አወጣች፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እያነሳች መዳፏ ላይ ደረደረችና እጇን ወደ አፏ አስጠግታ «እንዲህ ነዋ፣ ከሰዓት፣ በሻይ» አለች።

ዶክተሩ ጎንበስ አለ። መዳፏን አየው። ከዚያ ትንሿን የታይሮይድ ክኒን በጣቱ ለይቶ አነሳና ጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ አርቆ አስቀመጣት።

«ይህቺ ብቸኛ ናት» አለ። «ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ምግብ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ከአንድ ሰዓት። አይረኑና ካልሲየሙ ከእሷ አራት ሰዓት ይራቁ። አብረው ከወረዱ ሆድሽ ውስጥ ይይዟታል፤ ወደ ደምሽ ሳትገባ አብራቸው ትወጣለች። ሻዩ ደግሞ አይረኑን ይይዘዋል። መድኃኒት ስትውጪ ኖረሻል፤ ሰውነትሽ ግን ብዙውን አላገኘውም።»

«በየቀኑ እኮ ነው የዋጥኩት» አለች ሐመልማል።

«አውቃለሁ። ይህንን አስቀድሞ ልንነግርሽ ይገባ የነበረው እኛ ነን።»

ቀጠለ። በሰውነቷ ያጠራቀመችው ብረት፣ ያው አይረኑ፣ አልቋል፤ ጎተራው ባዶ ነው። ታይሮይዱ ሲዳከም ሆድም ይዳከማል፣ ብረት መቀበል ያቅተዋል፤ ብረት ሲጎድል ደግሞ ታይሮይዱ ይብስበታል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ቫይታሚን ቢ12 እጅግ ዝቅ ብሏል። የእግሯ መደንዘዝና የመርሳቷ ነገር ከእሱ ሊሆን ይችላል።

«ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው የሚገኘው። ምን ትበያለሽ?»

«ጾም እጾማለሁ።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

ቀና ብሎ አያት። አልተሳለቀባትም፤ እሱም አንገቱ ላይ ማተብ አለ። «ጾሙ ብቻም ላይሆን ይችላል። የራሱን ዕጢ የሚያጠቃ ሰውነት አንዳንዴ ጨጓራንም አይምርም። እንደዚያ ከሆነ ብትበዪም ቢ12 በደንብ ስለማይገባ በመርፌ እንጀምራለን። ይህንን ደግሞ በምርመራ አያለሁ። ግን መብላት አለብሽ። ይህ ሁሉ ጎድሎብሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አትችዪም።»

«እስከ እሁድ ይሻለኛል?»

ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ ደምሽን እንደገና እናየዋለን። ብረቱ ወራት ይፈልጋል። ትድኛለሽ፣ ሐመልማል። እሁድ ግን አይደለም።»

መርፌውን ተወጋች። እስከ ቤቷ እያለቀሰች ሄደች፤ ባጃጁ ውስጥ አብራት የተሳፈረች ሴት ሰው የሞተባት መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ስትላት «አሜን» አለች።

ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። አባ ሐብተማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ፣ ከጥዱ ሥር ከድንጋይ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጉልበታቸው ሥር ተቀምጣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የወረዱትን ፅንሶች፣ ስለቱን፣ ክኒኑን፣ ባጃጁን። እሳቸው ሲሰሙ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያዘዋውራሉ።

«ይህን ስለት እኔ ሳላውቀው ይህን ሁሉ ዓመት?» አሉ በመጨረሻ። ተቆጥተዋል። «የንስሐ አባት ለምን ያዝሽ ታዲያ? ለዝክር?»

«ፈራሁ፣ አባቴ።»

«ምን ትፈሪያለሽ?»

«ካጓደልኩ ልጄን ትወስድብኛለች ብዬ።»

አባ ሐብተማርያም ቁጣቸው ወረደ።

«የማን እናት መስላሽ ነው?» አሉ። «ልጇን ዐይኗ እያየ ያጣች እናት፣ ያንቺን ልጅ ለአንድ ክኒን ብላ ትወስዳለች? እንዲህ አድርገሽ ነው የምታውቂያት?»

ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች። ዓመታት ሙሉ የጸለየችው ለእናት ሳይሆን ለቀማኛ ኖሯል።

«በሽተኛ በጾም አይያዝም» አሏት፤ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው። «እስክትድኚ ሐኪሙ ያለሽን ብዪ። ክኒኑንም ባለሽ ሰዓት፣ ከጠበሉ በፊት ዋጪ። በስለትሽ ፋንታ በየዕለቱ ውዳሴ ማርያም ድገሚ። ተቀምጠሽም ቢሆን፣ ተኝተሽም ቢሆን። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ቀለል ያላት መሰላት። አሁን ሁሉ ነገር ታውቋል፣ ልጄም አትሄድም አለች በልቧ። ሰው ተስፋ ሲያጣ የሚያገኛትን ትንሽ ብልጭታ እንደ ቀን ብርሃን ይቆጥራታል።

ወንደሰን ታሪኩን ቆሞ ሰማ። ስለቱ ጋ ስትደርስ ተቀመጠ።

«ለሐኪሙ አሳየሽው፣ ለቄሱ ነገርሽ። እኔስ ማን ነኝ?» አለ። «እነዚያ ልጆች የኔም አልነበሩም? አንቺ ስትንበረከኪ እኔ የት ነበርኩ?»

«ከውጭ። ዣንጥላ ይዘህ ትጠብቀኝ ነበር።»

ወንደሰን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐመልማል ባሏ ሲያለቅስ ያን ዕለት ነው ያየችው። ሲረጋጋ አፍንጫውን ጠረገና «እሺ። ትቆይ። እኔ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ካልሰጡኝም እንደምንም እንሆናለን። ጠዋት ለእናቴ ደውዬ አትምጪ እላታለሁ» አለ።

አሸነፈች። የለመነችውን አገኘች። ደስታዋ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ትሕትናን ጠራቻትና ጭኗ መሐል አስቀምጣ ለነገ ቤተ ክርስቲያን ፀጉሯን ልትሠራላት ጀመረች። አንዱን ጉንጉን ጨረሰች። ሁለተኛውን ለመጀመር ፀጉሯን ከፈለች።

ዐይኗን ስትገልጥ ቤቱ ጨለምለም ብሏል። ማበጠሪያው ከእጇ አልወደቀም። ትሕትና እዚያው ጭኗ መሐል፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨባርሯል። እናቷ እንዳትነቃባት አልተንቀሳቀሰችም። ከሥሯ ጉዝጓዙ ረጥቧል፤ ሽንቷን እንኳ ልሂድ ብላ አልተነሳችም።

ሐመልማል የረጠበውን በእጇ ዳሰሰች። አልጮኸችም። ልጇን አጠበቻት፣ ልብሷን ቀየረችላት፣ የቀረውን ፀጉሯን ቆማ ሠራችላት፤ ከተቀመጠች እንቅልፍ እንደሚወስዳት ስላወቀች ቆማ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ትንሿን ሻንጣ አወጣችና የልጅቷን ልብስ እያጣጠፈች ትከት ጀመር።

ወንደሰን በሩ ላይ ቆሞ አያት። «ምን ታደርጊያለሽ? ትቆይ አልኩሽ እኮ።»

«ለእናትህ እንዳትደውል» አለችው። «ይምጡና ይውሰዷት።»

እማማ አዛለች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እንደ ወትሮው ቅቤና በጭድ የታሸገ እንቁላል ይዘዋል። የዚህን ጊዜ ሐመልማል ይቅርብኝ አላለችም፤ ተቀብላ ጉንጫቸውን ሳመች። አሮጊቷ ምራታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዟት።

«ልጁ እኔ ጋ ይጠግባል። ወተት አለ፣ የአክስቱ ልጆች አሉ። አንተ ብቻ ብላ፣ ተኛ፣ ዳን» አሏት። የወላይትኛ ምርቃታቸውን ጨመሩበት። ሐመልማል ቃሉን በሙሉ ባትሰማውም አሜን አለች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። የቦዲቲ ሚኒባስ እስኪሞላ ትሕትና መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ረዳቱ «ቦዲቲ! ቦዲቲ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ፊቷን አኮማትራ አየችው፤ እናቷን የሚቀሰቅስ ይመስል። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇን አወዛወዘች። ሐመልማል ሚኒባሱ ከዐይኗ እስኪጠፋ ቆማ ቀረች። አልቅሺ፣ ጩኺ፣ እምቢ በይኝ እያለች በልቧ ልጇን ትለምን ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነቃች። ከዳሞታ ተራራ የወረደ ብርድ ቤቱን ሞልቶታል። ትንሿን ክኒን ብቻዋን መዳፏ ላይ አደረገች። የጠበሉ ጀሪካን ከጥግ ቆሟል፤ ወደ እሱ እያየች «በስመ አብ» አለችና በውኃ ዋጠቻት። ሰማይ አልተደፋም። ተቀምጣ ጠበቀች፣ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። ሰዓቱ ሲደርስ ከእማማ አዛለች እንቁላል ሁለት ቀቀለች። በዐቢይ ጾም እንቁላል! ቀስ እያለች ላጠችው። እንባዋ ጨው ሆኖላት በላችው፤ እስከ መጨረሻው በላችው።

የመጀመሪያዋ ቀን ናት፤ ምንም አልተለወጠም። ጉልበቷ ያው የትናንቱ ነው። ግን ዐይኖቿ ተገልጠዋል፣ ፀሐይ ሳትወጣ ቁጭ ብላለች፤ ወንደሰን ወደ ዲምቱ ተመልሷል፣ ይህን የሚያይላት ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ስልኩ ጠራ። እማማ አዛለች ናቸው።

«ደህና አደርክ ወይ ልጄ? ልጁ ደህና ነው። ወተት ጠጣ፣ አሁን ያነጋግርሃል» አሉና ስልኩን አቀበሉ።

የልጅ ትንፋሽ መጣ። ከኋላ ዶሮ ይጮሃል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሐመልማል አፏን ከፈተች። ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ነቅቻለሁ፣ መድኃኒቴን ውጫለሁ፣ አያትሽ ያመጡትን እንቁላል በላሁ ልትል። ቃል አልወጣ አላት።

ትሕትና ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ለአያቷ በሹክሹክታ ስትናገር ተሰማ፦

«እማዬ ተኝታለች። አንቀስቅሳት።»

«ነቅቻለሁ!» ብላ ጮኸች ሐመልማል። «ትሑቴ፣ ነቅቻለሁ! ልጄ፣ እናትሽ ነቅታለች!»

ትሕትና ግን ስልኩን ቀስ ብላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቃ ዘግታው ነበር።